ጆሮዬን ልኬልሃለሁ

ዳዊቴ፣

እንዴት ከርመሃል? ሐዋሳ ተስማማችህ? ልጆቹስ? ሁለታችንም ጠፍተናል፤ እኩል ነንና ወቀሳውን እንለፈው።

በቴሌግራም አንድ የድምፅ ፋይል ልኬልሃለሁ። ከመክፈትህ በፊት ግን ይህን አንብብ። በስልኩ ስፒከር እንዳትሰማው። ሁለቱንም ጆሮ የሚይዝ ኢርፎን አድርግ፤ ግራና ቀኙንም እንዳታምታታ። አለበለዚያ ፒያሳ ተገልብጣ ትመጣብሃለች።

ነገሩ ባይኖራል ቀረጻ ይባላል። ትንንሽ ማይክራፎኖች፣ አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ ጆሮዬ ደጃፍ ላይ እሰካለሁ። ገመዳቸው ኪሴ ውስጥ ካለችው ሪከርደር ጋር ይገናኛል። በቃ። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ አካባቢ። ጭንቅላት ስለሚከልለውም ደከም ብሎ ነው የሚደርሰው። አእምሯችን ግራና ቀኝን የሚለየው በዚህች ልዩነት ነው። በስፒከር ከሰማኸው ሁለቱም ድምፅ ለሁለቱም ጆሮ ስለሚደርስ ልዩነቷ ትጠፋለች።

አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ ላይ የኦፔራ ቤቱ መድረክ ላይ የስልክ ማይክራፎኖች ተደርድረው ነበር። ኤግዚቢሽን ላይ ያለ ሰው ሁለት ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይዞ ዘፋኙ የት እንደቆመ ይለይ ነበር። ዛሬ ስቱዲዮዎች ጆሮ ያለው አርቲፊሻል ጭንቅላት ይጠቀማሉ። ዋጋውን አትጠይቀኝ። የኔ ጭንቅላት በነፃ ነው።

ችግሩ፣ የኔ ጭንቅላት ሰላምታ ይወዳል። አራዳ ውስጥ የሚያውቅህ ሰው "እንዴት ነህ!" ሲልህ ዝም ማለት ይከብዳል። ዘወር ካልኩ ደግሞ ቀረጻው ላይ ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ይዞራል፤ የሚሰማውንም ሰው ያዞረዋል። ስለዚህ በቅንድብ ሰላም ማለት ለምጃለሁ። ኮርቷል ብለው ሳያሙኝ አይቀሩም። ምራቄን ስውጥ እንኳን ይሰማል፤ የኮሌታዬ መንኮሻኮሽማ አይነሳ።

ጥሩነቱ ማንም አይጠረጥርህም። ትልቅ ማይክራፎን ይዘህ ብትቆም ጥበቃው "ምንድነው የምትቀርፀው?" ብሎ ይመጣል። ጆሮህ ላይ ገመድ ካየ ግን ዘፈን የምትሰማ ነው የሚመስለው። ከአራት ኪሎ በሚኒባስ ስመጣ የቀዳሁት አለ። ወያላው ቀኝ ጆሮዬ ስር መጥቶ "ወንድም፣ ዘፈኑን ቀንስና ሂሳብ!" ይላል። እሱን አስቀርቼዋለሁ። የሰው የስልክ ወሬ ከገባ ግን አጠፋዋለሁ፤ ሳያውቅ የተቀዳ ሰው ገመናው ከኔ ጋር አይዞርም።

የላክሁልህ የጊዮርጊስ ነው፤ በ23 ማለዳ የተቀዳ። ግቢ ውስጥ አልቀዳሁም፤ ድምፅ ማጉያው ሁሉን ይውጠዋል። ከበሩ ውጭ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ቅዳሴው ከኋላ በስሱ ይመጣል። በግራ በኩል ጧፍ ሻጯ ሳንቲም ትቆጥራለች። ከዚያ ሁለት እናቶች መጥተው ቀኜ ላይ ቆሙ። አንደኛዋ ስለ በርበሬ ዋጋ ያማርራሉ፤ ሌላዋ ያዳምጣሉ። የሚያዳምጡት "አዎ" አይሉም። ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ፤ አጭር፣ "ህእ" የምትል። ታውቃታለህ፤ እማማም እንደዚያ ናቸው። ተራ ቀረጻ ላይ ይህቺ ትንፋሽ ትጠፋለች። እዚህ ላይ ግን ትከሻህ ላይ ናት። እኔ ራሴ ቤት ሆኜ ስሰማት "አቤት" ብዬ ዞሬያለሁ።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ የፒያሳ ድምፅ ራሱ ተቀይሯል። ጠባቡ መንገድ ላይ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለስ ነበር፤ ከየት እንደጠሩህ አታውቅም። አሁን መንገዱ ሰፍቷል። ድምፅ ይሄዳል፣ አይመለስም። መኪናው ከሩቅ ይሰማል፤ የሰው ወሬ ግን ሁለት እርምጃ ስትርቅ ይቀልላል። ሰዉ ስለ ፒያሳ የሚከራከረው በፎቶ ነው። ፎቶ ግን የፊትህን ብቻ ነው የሚይዘው፤ የሰፈር ብዙው ነገር ደግሞ ከኋላህ ነው።

ፊት ለፊቴ የነበረው ነገር ላንተ ከኋላ ቢመስልህ አትገረም። ፊትና ኋላን፣ ላይና ታችን ለመለየት የሚረዳን የጆሮ ቅጠል ቅርጽ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ይህ በኔ ጆሮ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ስታዲየም ጋ ባቡሩ ከላይ ሲያልፍ የቀዳሁትን እኔ ከላይ እሰማዋለሁ፤ እህቴ "ከኋላ ነው" ብላ ድርቅ አለች። አንተ የቱ ጋ እንደሰማኸው ንገረኝ።

አሁን ተራው ያንተ ነው። ማይክራፎኖቹን በሰው እልክልሃለሁ። ጠዋት ዓሳው ሲወጣ አሞራ ገደል ሂድና ዝም ብለህ ቁም። የዓሳ ቢላዋው ከፊትህ፣ ወፎቹ ከላይህ ይሁኑ። ለሐይቁ ንፋስ ጀርባህን ስጠው፤ ማይክራፎኖቹን ከንፋስ የሚከልለውን ስፖንጅም እንዳትረሳ። ስልክህን ደግሞ አጥፋው፤ መሃል ላይ ልደውል እችላለሁ።

ለልጆቹ ሰላምታ ንገርልኝ።

ሚኪ