ስቲቭ ሃርመንም እናትና አባት አለው

ክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ አባት፣ ልጃቸው በትምህርት ቤት እንዲያነበው ስለተሰጠው መጽሐፍ የጻፉትን ቅሬታ አንብቤ ነው ብዕር ያነሳሁት። መጽሐፉ የዋልተር ዲን ማየርስ «ሞንስተር» (አውሬ) ነው። ወንድሜ እንደጻፉት ከሆነ ታሪኩ ወላጅ ሳይቆጣቸው መንገድ ላይ ያደጉ ልጆች ታሪክ ስለሆነ እኛን አይመለከትም፤ ትምህርት ቤቱም ሌላ መጽሐፍ መስጠት ነበረበት። የእኔም ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ይህንኑ መጽሐፍ ከጎኑ ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። በወንድሜ ደብዳቤ የተገለጸው ልጅና እኔ ያነበብኩት ልጅ ፈጽሞ አይገናኙም።

ላላነበቡት ነገሩን ባጭሩ ልንገር። ስቲቭ ሃርመን የ16 ዓመት ጥቁር ልጅ ነው፤ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም ይኖራል። በሰፈሩ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት ይዘረፋል። ባለቤቱ ሚስተር ኔስቢት ፈቃድ ያለው ሽጉጣቸውን ሲያወጡ ግብግብ ይፈጠርና በገዛ መሣሪያቸው ተመትተው ይሞታሉ። ስቲቭ የተከሰሰው ከዝርፊያው በፊት ገብቶ ፖሊስ መኖር አለመኖሩን ቃኝቷል ተብሎ ነው። ሽጉጥ አልያዘም፤ ጥይቱ ሲተኮስም አልነበረም። ይሁን እንጂ በዝርፊያው እጁ ካለበት ሕጉ ለሞቱም ተጠያቂ ያደርገዋል። መጽሐፉ በታተመበት እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ የሚከሰሰው እንደ አዋቂ ነበር፤ ይህን የለወጠው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በአገራችን የወንጀል ሕግም ቢሆን 15 ዓመት ያለፈው ልጅ በመደበኛው ሕግ ነው የሚዳኘው፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ልጅ ነው ብሎ አይተወውም።

ስቲቭ ወላጅ የሌለው ልጅ ነው ወይ? እናትም አባትም፣ ጄሪ የሚባል ታናሽ ወንድምም አለው። የሚማረው ስታይቬሰንት ነው፤ ኒው ዮርክ ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት በፈተና ተወዳድረው የሚገቡበት ትምህርት ቤት ነው። ልጃችን እንዲህ ያለ ቦታ እንዲገባልን ስለት የምንሳል ስንት ነን? አባቱ እስር ቤት ሊጠይቀው ሲመጣ፣ ኮሌጅ ገብቶ ኳስ ሲጫወት እንደሚያየው ነበር የሚያስበው፤ እንዲህ ያለ ቦታ አገኝሃለሁ ብሎ አስቦ እንደማያውቅ ሊነግረው ሲጀምር እንባ ይቀድመዋል። እናቱ መጽሐፍ ቅዱስ ታመጣለታለች፤ ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ቃል አክብባበታለች። በእኛ ዳዊት አቆጣጠር 27ኛው መዝሙር ላይ የምናገኘው፣ እግዚአብሔር ኃይሌና ጋሻዬ ነው የሚለው ነው። ጥቁር ጠበቃ ብንይዝለት ይሻል ነበር ወይ እያለች ስትጨነቅ፣ እኛ ሰፈር አማርኛ የሚችል ጠበቃ ብናገኝ ኖሮ የሚሉ እናቶች ድምፅ ነው የተሰማኝ።

አንጀቴን የበላኝ ግን ሌላው ነው። ምንም እንዳላጠፋህ አውቃለሁ ብላው ትሄዳለች። እሷ ከሄደች በኋላ ልጁ ጋደም ብሎ፣ እርግጠኛ ያልሆንኩትስ እኔ ነኝ ብሎ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፋል።

ደሴ እያለሁ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ምስክር ምሎ ሲናገር ቃሉን የምከትብ እኔ ነበርኩና ይህን መጽሐፍ ሳነብ ዓይኔ ቶሎ ያረፈው ምስክሮቹ ላይ ነው። ቦቦ ኢቫንስ መድኃኒት ቤቱን ከዘረፉት አንዱ ነው፤ ቅጣት እንዲቀነስለት ተደራድሮ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኗል። ሚስተር ኔስቢት ወድቀው ሳለ እሱና ከስቲቭ ጋር የተከሰሰው ጄምስ ኪንግ የዘረፉትን ሲጋራ ይዘው ወጥተው የዶሮ ጥብስ ሊበሉ መሄዳቸውን እንደ ተራ ነገር ይናገረዋል። ኦስቫልዶ ክሩዝ ገና 14 ዓመቱ ነው። ከኋላ የሚያሳድድ ሰው ቢመጣ የቆሻሻ በርሜል እንዲገፋበት ታዝዟል፤ ፈርቼ ነው የገባሁበት ይላል። መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብለት ግን ከአንድ የወሮበላ ቡድን ለመቀላቀል የማያውቀውን ሰው ፊት በስለት መቁረጡ ይወጣል። ከእነዚህ ሁሉ ምንም የማያገኙበት ጡረታ የወጡት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሎሬል ሄንሪ ናቸው፤ በጥቁር ሰው ላይ መመስከር እየከበዳቸው ቀርበው ያዩትን ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ምስክር አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው፤ ሲገኝም ችሎቱ ጸጥ ይል ነበር።

ወንድሜን በተለይ እንዲያነቡ የምለምናቸው አንድ አጭር ትዕይንት አለ። ስቲቭ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከጓደኛው ከቶኒ ጋር ድንጋይ ይወረውራሉ፤ የስቲቭ ድንጋይ መንገደኛ ሴት ይመታል። አብሯት ያለው ጉልበተኛ ማነው የወረወረው ብሎ ሲመጣ ስቲቭ የቶኒን ስም ጠርቶ ሩጥ ይለዋል። ሰውየው ቶኒን ይመታዋል። ቶኒ፣ ድንጋዩን የወረወርከው አንተ ነህ ብሎ ሲወቅሰው ስቲቭ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? አንተ ወረወርክ አላልኩም፤ ሩጥ ነው ያልኩት፤ መሮጥ ነበረብህ።

ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መዝገብ ላይ ቃል በቃል ቢሰፍር አንድም ውሸት የለበትም። ቶኒ ግን ተመትቷል። ከአራት ዓመት በኋላ ይኸው ልጅ ምስክር መስጫው ላይ ተቀምጦ፣ በዚያን ቀን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አልነበርኩም ይላል። ደብተሩ ላይ ደግሞ ሚንት ከረሜላ ፈልጌ ገብቼ ወጣሁ፣ ይህ ምን ነውር አለው ብሎ ይጽፋል። ደራሲው ገባ ወይም አልገባም ብሎ አይፈርድልንም። ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ከራሱ ጋር እንዴት መነጋገር እንደለመደ ነው የሚያሳየን፤ ይህ ደግሞ ደህና ቤት ውስጥ፣ ከእናትና ከአባት ጋር እራት እየበሉ የሚለመድ ነገር ነው። እኔ ልጄን የጠየቅሁት ስቲቭ ጥፋተኛ ነው ወይ ብዬ አይደለም። ኪንግ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስለ ገንዘብ ሲያወራ ስቲቭ ለምን ተነሥቶ አልሄደም ብዬ ነው። ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ ተነሥተሽ ብትሄጂ ፈሪ ይሉሻል አለኝ። ከዚያ በኋላ ያወራነውን እዚህ አልጽፈውም፤ የልጄ ነው። መጽሐፉ ባይሰጠው ኖሮ ግን ይህን ወሬ ከእሱ አልሰማውም ነበር።

ስለ ስቲቭ ጠበቃ ስለ ካቲ ኦብራየንም ልበል። ዐቃቤ ሕጓ ፔትሮቼሊ ተከሳሾቹን አውሬ አድርጋ ስትከፍት፣ ስቲቭ ያንን ቃል ደብተሩ ላይ ደጋግሞ ይጽፋል፤ ኦብራየን እርሳሱን ከእጁ ወስዳ ሁሉንም ትሰርዛቸዋለች። ለምስክርነት ስታዘጋጀው ደግሞ የወረቀት ኩባያ ፊቱ ታስቀምጣለች፤ መልሱን ካልወደደችው ኩባያውን ትደፋዋለች፤ እሱም እስክትወደው ድረስ መልሱን ይለዋውጣል። ሥራዋን አሳምራ ታውቃለች፤ ክፉ ናት አልላትም። ጁሪው፣ ማለትም ፍርዱን የሚሰጡት 12 ተራ ሰዎች፣ ገና ሳያዳምጡት ወጣትና ጥቁር መሆኑን አይተው እንደሚፈርዱበት ታውቃለች። በመጨረሻ ኪንግ ጥፋተኛ ሲባል ስቲቭ ነፃ ይወጣል። እጁን ዘርግቶ ሊያቅፋት ሲል ግን ሰውነቷ ይገተራል፤ ዞር ብላ ወረቀቷን መሰብሰብ ትጀምራለች።

ልጄ፣ ጥፋተኛ መሆኑን ስለምታውቅ ነው የዞረችው ይላል። እኔ አልስማማም። ችሎት ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ጠበቃ መዝገቡ ሲዘጋ ሰውየውንም አብሮ ይዘጋል፤ ነገ ሌላ ተከሳሽ ይጠብቀዋል። ያ የ16 ዓመት ልጅ ግን ይህን አያውቅም። ከአምስት ወር በኋላም ምን አይታብኝ ነው የዞረችው እያለ ራሱን በካሜራ ይቀርጻል፤ አባቱም ከእሱ ርቋል። ከጁሪው ውሳኔ ይልቅ ያ የአባት መራቅ ነው እኔን የከበደኝ። ልጁ ነፃ ወጥቶ ቤቱ ገብቷል፤ አባቱ ግን ማንን እንዳሳደገ አያውቅም።

ወንድሜ በአንድ ነገር እውነት አላቸው። የእስር ቤቱ ክፍሎች ከባድ ናቸው፤ ልጆች በሌሎች እስረኞች ሲደፈሩና ሲደበደቡ የሚያሳይ አለ። ስድስተኛ ክፍል ላለ ልጅ ቢሰጥ እኔም እቃወም ነበር። ለዘጠነኛ ክፍል ግን፣ ወላጅ አጠገቡ ካለ፣ አይበዛበትም። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ አብዛኛው በፊልም ጽሑፍ መልክ የተጻፈ ንግግር ስለሆነ እንደ እኔ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰውም ይወጣዋል።

ልጅዎ መጽሐፉን ገና ካልመለሰ፣ እባክዎ የድንጋዩን ትዕይንት አብራችሁ አንብቡና ቶኒን ማን እንዳስመታው እሱን ይጠይቁት። የሚመልስልዎትን ከወደዱ በዚሁ ገጽ ይጻፉልን፤ እኔ እጠብቃለሁ።

አንዲት እናት
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ