ማሙሽ ተፈቷል፤ አሁን ምን ልበለው?

አንቺዬ፣ እንዴት ከረምሽ?

ጠፋሁብሽ፤ አውቃለሁ። መልእክቶችሽን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ የልጅሽንም ፎቶዎች ደጋግሜ አይቻለሁ (አፍንጫዋ የአንቺው ነው፣ እግዜር ይርዳት)። ግን ያኔ ከውጭ ቁጥር ስልክ ሲጠራ እማዬ ትደነግጥ ስለነበር አላነሳም። በኋላ ደግሞ ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ በምን አፌ ልጀምር አልኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የቀረውን ስድብ ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ። አሁን የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። እስከ እሁድ ለወንድሜ ለማሙሽ መልስ መስጠት አለብኝ።

መታሰሩን መቼም ሰምተሻል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ እኛ ቤት «ይሄ የአማራ ክልል ነገር ነው» ተብሎ ታለፈ። አዋጁ ግን ካስፈለገ በማንኛውም የአገሪቱ ክፍል ተፈጻሚ እንደሚሆን ይል ነበር፤ ያንን አንቀጽ ያነበብነው መጥተው ከወሰዱት በኋላ ነው። ጥፋቱ፣ ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሰው ከዘመዱ ጋር መገናኘት ሲያቅተው «ምክንያቱን የሚነግረን የለም ወይ?» ብሎ ፌስቡክ ላይ መጻፉ። ይኸው ነው።

ስንቅ የማመላለሱን ነገር ለአንቺ አላስተምርሽም። በር ላይ የነበረው ፖሊስ ልጅ እግር ነው፤ እንጀራውን በማንኪያ ጫፍ ገለጥ ገለጥ ያደርግና «ቅመሺ» ይለኛል። እቀምሳለሁ። ዐቢይ ጾም ላይ በጠዋት ጾሜን አስገደፈኝ፤ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ሳቁብኝ። ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ማሙሽ እዚያው አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ታዲያ እንደሞላ ተመለሰ። ያን ሰሞን ሰዎች አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ መወሰዳቸው በየቤቱ ይወራ ነበር፤ ጋዜጠኞችም የምክር ቤት አባላትም እዚያ ታስረው ነበር። ሙሉ ሰሃን ይዤ እማዬ ፊት መቆም አቃተኝና ታክሲ ተራው አጠገብ ቆሜ በላሁት። ቆሜ፣ በእጄ፣ ሰው እያየኝ። በማግስቱ ስጠይቅ ለካ ሆዱን አሞት ኖሯል።

እማዬ ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው አዋጁ ላይ ነበር። «ስድስት ወር ነው ያሉት፣ ጥር ላይ ያልቃል» ትላለች። ጥር 24 ቀን ምክር ቤቱ ለ4 ወር ሲያራዝመው ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ሽንኩርት የሚገባበት ወጥ አልነበረም። ከተፈች፣ ከተፈች፣ ከዚያ ለጎረቤት ሰጠችው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል እያለ አባዬ አንቀጽ 19ን በቃሉ ይወጣው ነበር፤ የሚሰማው እኛው ነን።

ሰኔ ላይ፣ አዋጁ ካበቃ በኋላ፣ «ዕቃህን ሰብስብ» ብለው ለቀቁት። ክስ የለ፣ ወረቀት የለ። አንቺ እንኳ በ2009 አዋሽ ሰባት ታስረሽ ስትመለሺ «አይደገምም» የሚል ቲሸርት ለብሰሽ ነው ከአውቶቡስ የወረድሽው! እሱ ቲሸርትም አልደረሰው። የአንቺ እኛ ቤት አለ፤ ወለል ልወልውልበት ብል እማዬ እንቢ አለች፣ «የሰው አደራ ነው» ብላ።

ይሄንን ሳልነግርሽ ልለፈው ወይ እያልኩ ነበር። ታስሮ ሳለ ሌሊት እተኛ ነበር። የምልሽ ይገባሻል? ወስደውታል፤ ከዚያ በላይ የሚመጣ ነገር የለም። ከተፈታ ወዲህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። በራችን ላይ መኪና ቆሞ ሞተሩ ካልጠፋ ተነስቼ በመጋረጃው አያለሁ። እሱም ነቅቶ ይሆናል፤ ጫማውን አልጋው ሥር ሳይሆን ከነካልሲው አጠገቡ ነው የሚያስቀምጠው። አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም። ከመታሰሩ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ኳስ ሲያይ «ድምፁን ቀንስ» እያልኩ የምጮህበት ልጅ፣ አሁን ቡና እንኳ ሲጠጣ ድምፁ አይሰማም።

ደግሞ ለካ ይሄንንም አልነገርኩሽም፤ ካዛንችስ የእናንተ ግቢ ፈርሷል። የኮሪደር ልማቱ ጠርጎታል፤ የሙሉው ግቢ ሰው ተበትኗል። ያቺ አምባሻ የምትጋግርልን ሴትዮ ከከተማው ዳር ወጥታለች። ማሙሽ ሄዶ አገኛት። ሻይ አፈላችለት፣ ስትነግረው ዋለች፣ እሱም የነገረችውን ጻፈው።

ችግሬ ይሄ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ «ልጄ፣ ይሄማ አይረባም» ብዬ እገላገል ነበር። አንድም ስድብ የለበትም፤ የባለሥልጣን ስም የለበትም። ምጣዷን በምን ጠቅልላ እንደጫነች፣ አዲሱ ቤት ስትደርስ የሚገዛት ደንበኛ እንደሌለ፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ለማን እንደምትጋግር እንዳላወቀች። ወረቀቱን ሰጠኝና «አንቺ ለጥፈው ካልሽኝ እለጥፈዋለሁ፣ ተው ካልሽኝ እተወዋለሁ» አለኝ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ፊደሉን አረምኩለት። ከዚያ እጄ አላርፍ ብሎ ሁለተኛውን አንቀጽ ሰረዝኩት፣ ቀጥሎ የሰፈሩን ስም፣ ቀጥሎ «አፈረሱት» የሚለውን «ፈረሰ» አደረግሁት። ሳነበው የማንም ቤት ያልፈረሰበት ጽሑፍ ሆነ። ሁሉንም መለስኩለት። ሌሊት ደግሞ ተነስቼ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አነበብኩ፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ከሆነ ሐሰተኛ መረጃ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። የማሙሽን ገጽ ከፍቼ ተከታዮቹን ስቆጥር 5,000 አይሞሉም። ለወንድሜ ተከታይ ማነስ እልል ልል ስል ራሴን ታዘብኩት። ሴትዮዋ የተናገረችው እውነት መሆኑን እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ግን ያለፈው ጊዜስ በየትኛው ሐሰት ነበር? ኅዳር ላይ ደግሞ የመብት ድርጅቶቹን ሲያግዷቸው፣ የሆነ ነገር ቢመጣ ለማን እንደምደውልም ጠፋኝ።

እንግዲህ ወደ አንቺ። ማሙሽ የአንቺን ነገር ይሰማል፣ ከጥንትም ከእኔ ይልቅ አንቺን ነው የሚሰማው። ግን «ተው በይልኝ» ልልሽ አይደለም የጻፍኩት። ወይም ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም። ልጠይቅሽ የፈለግሁት ሌላ ነው። አንቺ ከአዋሽ ከተመለስሽ በኋላ አንድ መስመር አልጻፍሽም። በ2010 ሁሉም ሰው እንደልቡ ሲያወራ እንኳ አልጻፍሽም። ደክሞሽ መስሎኝ ዝም አልኩ። ያኔ ከእናትሽ ጋር ሆነን ሳሎን ውስጥ ከብበን «በቃሽ» ያልንሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ቀና ብለሽ አይተሽኝ «እሺ» አልሽ። አርፈሽበት ነው እሺ ያልሽው፣ ወይስ ለእኛ ብለሽ? እኔ እንዳላዝን ብለሽ እንዳታሳምሪው። ለእኛ ብለሽ ከሆነ ለማሙሽ ሌላ ነገር እላለሁ። እስካሁን ሳልጠይቅሽ የኖርኩት መልሱን ፈርቼ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ላይ በሲግናል ደውይልኝ፤ በቀጥታ መስመር እንዳይሆን። ጽሑፉን ቀድሜ እልክልሻለሁ፣ አንብበሽው ጠብቂኝ። ከእኔ በፊት እማዬን ካገኘሻት ስለ ጉልበቷ ጠይቂያት፣ ስለ ልጅሽ አውሪላት፤ የጽሑፉን ነገር ግን ትንፍሽ እንዳትይ፣ አልሰማችም።

ያንቺው