የድምፅ መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በቋንቋ ዓምዳችሁ ላይ የበርካታ እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ግዕዝ እንደሆነ የሚከራከር ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ለአገራቸው ቋንቋ ያላቸውን ፍቅር አከብራለሁ፤ ጽሑፉም ሲነበብ አይሰለችም። ይሁን እንጂ ዕድሜዬን በእንግሊዝኛ መምህርነት ያሳለፍሁ እንደመሆኔ፣ የቀረበው ማስረጃ ሁሉ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ሲነበቡ ለጆሮ መመሳሰላቸው ብቻ መሆኑን አይቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከምሳሌዎቹ ሁሉ ጠንከር ያለው «ሰባት» እና «ሰቨን» ነው። መመሳሰላቸውን የሚክድ የለም። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ከሺህ ዓመት በላይ የጽሑፍ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሴዮፎን» ይባል ነበር። ጀርመንኛው «ዚበን»፣ ላቲኑ «ሴፕቴም»፣ ግሪኩ «ሄፕታ»፣ የጥንቷ ሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪት «ሰፕተ» እያሉ አብረውት ይቆማሉ። የእኛው «ሰባት» በበኩሉ ሥሩ ሰ-ብ-ዕ ነው፤ መጨረሻው ላይ የምትሰማው «ት» ቅጥያ ናት፤ ዘመዶቹም የዐረብኛው «ሰብዐ» እና የዕብራይስጡ «ሼቫ» ናቸው። በእነዚህ ሁለት የቋንቋ ቤተሰቦች መካከል በቅድመ ታሪክ ዘመን አንዱ ከሌላው ቁጥሩን ተውሶ ይሆናል ብለው የገመቱ ሊቃውንት አሉ። ግምታቸው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ የሚያወሩት ግዕዝ ራሱን የቻለ ቋንቋ ሆኖ ከመታወቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ቀደም ብሎ ስለነበረ ጊዜ ነው። ደግሞስ ጸሐፊው «ሰባት»ን ሲጠቅሱ «አራት»ን ከ«ፎር»፣ «ዐሥር»ን ከ«ቴን» ጋር ያላነጻጸሩት ለምን ይሆን?

የቋንቋ አጥኚዎች የቃላትን ዝምድና የሚመዝኑት ሥርዓት ባለው የድምፅ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1786 በካልካታ በዳኝነት ያገለግሉ የነበሩት ሰር ዊልያም ጆንስ፣ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሳይሆኑ እንደማይቀር በንግግራቸው አስታወቁ። በ1822 ደግሞ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም ላቲን «ፕ» የሚልበትን እንግሊዝኛና ዘመዶቹ «ፍ»፣ ላቲን «ድ» የሚልበትን እነርሱ «ት» እንደሚሉ በደንብ መልክ አቀረበ። አባት በላቲን «ፓቴር» ሲሆን በእንግሊዝኛ «ፋዘር»፣ ዓሣ «ፒስኪስ» ሲሆን «ፊሽ»፣ ዐሥር «ዴኬም» ሲሆን «ቴን» ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ግዕዝ «ጸግበ» ያለውን አማርኛ «ጠገበ»፣ «ጸቢብ» ያለውን «ጠባብ» ይላል፤ ትግርኛ ግን «ጸ»ዋን ይዟት ቀርቷል። እዚህ ላይ ዝምድናውን የሚያረጋግጥልን ልዩነቱ በየቃሉ ሳይዛነፍ መደጋገሙ ነው። በአንጻሩ ፋርስኛ መጥፎን «ባድ» ይለዋል፤ እንግሊዝኛም «ባድ» ይለዋል፤ ትርጉሙም አንድ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ ቃላት በዘር አይገናኙም።

ጸሐፊው እንግሊዝኛን የተበደረውን የሚደብቅ ቋንቋ አድርገው መሣላቸውም ከታሪኩ ጋር አይሄድም። ብድሩ ከየት እንደመጣ እንደ እንግሊዝኛ በግልጽ የተመዘገበለት ቋንቋ ጥቂት ነው። ከአምስተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ከዛሬዎቹ ሰሜን ጀርመንና ዴንማርክ ባሕር ተሻግረው የገቡት አንግሎች፣ ሳክሶኖችና ጁቶች መሠረቱን ጣሉ። ከስካንዲኔቪያ የመጡት ቫይኪንጎች በ793 በእንግሊዝ የሚገኘውን የሊንዲስፋርንን ገዳም ከመዘበሩ በኋላ በነበሩት ዘመናት እነዚሁ ሰሜነኞች በምሥራቁ ክፍል ሰፍረው ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተጋቡ፤ «ስካይ»፣ «ናይፍ»፣ «ሎው» የሚሉት ቃላት፣ ሌላው ቀርቶ «እነርሱ» ማለት የሆነው «ዘይ» ሳይቀር ከእነርሱ የመጡ ናቸው። ቋንቋ ስም ቢዋስ የተለመደ ነው፤ ተውላጠ ስም ሲዋስ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። እንግሊዝኛ የጥንቱን «ስክ» ወደ «ሽ» ሲለውጥ የሰሜነኞቹ ቋንቋ እንዳለ ስለያዘው፣ «ሸርት» እና «ስከርት» ከአንድ ቃል በሁለት መንገድ ተገኝተው ዛሬ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ይለበሳሉ።

የዚህ መደባለቅ ስሜት ምን ይመስል እንደነበር ዊልያም ካክስተን ጽፎ ትቶልናል። በ1476 በዌስትሚንስተር የእንግሊዝን የመጀመሪያ ማተሚያ ያቆመው ይህ ሰው በ1490 ባወጣው አንድ ትርጉም መቅድም ላይ እንደሚተርከው፣ በቴምዝ ወንዝ በመርከብ የወጡ ነጋዴዎች ነፋስ አጥተው ወደ የብስ ይወርዳሉ። አንደኛው ወደ አንዲት እመቤት ቤት ገብቶ ምግብ፣ በተለይም «ኤግስ» ይጠይቃታል፤ እርሷም «ፈረንሳይኛ አልችልም» ስትል ትመልስለታለች። ሰውየው ይቆጣል፤ ፈረንሳይኛ እርሱም አይችልምና። ሌላው ጓደኛው ጣልቃ ገብቶ «ኤይረን» ሲላት ግን ዕንቁላል መሆኑ ወዲያው ይገባታል። «ኤይረን» የነባሩ እንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ «ኤግ» ከሰሜነኞቹ የተገኘ ነው፤ ያሸነፈውም የኋለኛው ነው። ሴትዮዋ ያልገባትን ሁሉ ፈረንሳይኛ ማለቷም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በ1362 ነው።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘን እውነተኛ ጉዳይ የቡና ስም ነው። ጽሑፉ የእንግሊዝኛው «ኮፊ» ከከፋ እንደመጣ ያለ አንዳች ማመንታት ደምድሟል። ማስረጃ ያለው መንገድ ከዐረብኛው «ቀህዋ» ወደ ቱርክኛው «ካህቬ»፣ ከዚያም በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል ወደ እንግሊዝኛ የሚሄደው ነው፤ በ1652 ለንደን ውስጥ የቡና መጠጫ ቤት ሲከፈትም ስሙ ከቱርኮች አገር ጋር ከሚደረገው ንግድ ጋር ተያይዞ የመጣ ነበር። የዐረብ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ቀህዋ»ን አስቀድሞ የወይን ጠጅ ስም ነበር ይሉታል። ከከፋ ጋር የሚያያይዘው አስተያየት በስም መመሳሰል ላይ የቆመ ሲሆን፣ የከፋ ሰዎች ራሳቸው ቡናን «ቡኖ» ነው የሚሉት። ተክሉ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የተገኘ መሆኑ በዚህ አይነካም፤ የተክል አገርና የስም አገር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ከእኛ ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የገቡ ቃላት ደግሞ በእርግጥ አሉ፤ «ጤፍ»፣ «እንጀራ»፣ «ንጉሥ»። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በዚያው መዝገበ ቃላት ውስጥ «ኒገስ» የሚባል፣ ከወይን ጠጅ፣ ከፍል ውኃ፣ ከስኳርና ከሎሚ የሚዘጋጅ መጠጥ አለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ ከ«ንጉሥ» ጋር ፍጹም አንድ ነው። ስሙን ያገኘው ግን በ1732 ከሞተው ፍራንሲስ ኒገስ ከተባለ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ነው። ጽሑፉ በተከተለው ዘዴ ቢሄዱበት ይህ መጠጥ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ወጣ ማለት ምን ይከለክላል?

የኦክስፎርዱ ታላቅ መዝገበ ቃላት በ1857 ታስቦ፣ የመጀመሪያ ክፍሉ በ1884 ታትሞ፣ በ1928 እስኪጠናቀቅ ድረስ የወሰደው ሰባ ዓመት ነው። ጊዜውን የበላው ለእያንዳንዱ ቃል በጽሑፍ የተገኘበትን ዓመትና ዐረፍተ ነገር መሰብሰብ ነበር። ለግዕዝም ቢሆን ቮልፍ ሌስላው በ1987 ያሳተሙት የንጽጽር መዝገበ ቃላት በእጃችን አለ፤ የዓምዱ ጸሐፊ ከጆሮአቸው በፊት እርሱን ቢያማክሩ ኖሮ ከምሳሌዎቻቸው አብዛኞቹን ራሳቸው ይሰርዟቸው ነበር።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ወደፊት ስለ ቃላት መነሻ የሚቀርብለትን ጽሑፍ ከማተሙ በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቅ አሳስባለሁ፤ ቃሉ መቼ በጽሑፍ ታየ፣ በየትኞቹ ሕዝቦች እጅ አለፈ፣ የድምፅ ለውጡስ በሌሎች ቃላትም ይደገማል ወይ? ጸሐፊው ርእስ ካጡ ደግሞ ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን የጋራዥ ቃላት ቢያነሱ ደስ ይለኛል። የእኛው «መኪና» እና የእንግሊዝኛው «ማሽን» አንዱ የሌላው ልጅ አይደሉም፤ ነገር ግን የእኛው በጣሊያንኛ፣ የእነርሱ በፈረንሳይኛ በኩል አልፈው ሁለቱም ወደ ላቲኑ «ማኪና»፣ ከዚያም ወደ ግሪክ ይወጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ