የጤና ሙያ ኮሌጅ ሲመረጥ ስለ ተግባር ልምምዱ ይጠየቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምዝገባ ወቅት በደረሰ ቁጥር ኮሌጆችን እያነጻጸራችሁ የምታወጡትን ጽሑፍ በጥሞና አነባለሁ። ክፍያው፣ ሕንፃውና የኮሌጁ ዕድሜ በዝርዝር ሲቀርቡ፣ ለጤና ሙያ ተማሪ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ፣ ማለትም ተማሪው ከታካሚ ጋር የሚገናኘው የት፣ ለምን ያህል ጊዜና በማን ቁጥጥር ሥር እንደሆነ፣ ሳይነሣ መቅረቱ ግን በእጅጉ ያሳስበኛል።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ለተግባር ልምምድ የሚላኩ ተማሪዎችን መቀበል ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የካኑላን (መድኃኒት ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) አገባብ ደረጃ በደረጃ ስትነግረኝ አንድም ነገር አላጎደለችም፤ ከታካሚው ፊት ስትቆም ግን እጇ ተንቀጠቀጠ፤ በእውነተኛ ሰው ላይ ሞክራ አታውቅም ነበርና። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። ኮሌጇ ተማሪዎቹን በብዛት ወደ አንድ ክፍል ልኮ አስተማሪ ሳይመድብላቸው ስለሚተዋቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው ውለው በመገኛ ወረቀት ላይ ፈርመው ይመለሱ ነበር።

ችግሩ አዲስ አይደለም። አብርሃም ፍሌክስነር የተባለው መምህር፣ ራሱ ሐኪም ሳይሆን፣ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው ዘገባ፣ ብዙዎቹ ከተማሪ በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚኖሩ፣ የረባ ቤተ ሙከራ የሌላቸውና ተማሪዎቻቸውን ከሆስፒታል ታካሚ ጋር በቅጡ የማያገናኙ መሆናቸውን አጋልጧል። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለአጠቃላይ ነርስ ሥልጠና ቢያንስ 4,600 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ የክሊኒክ ልምምድ መሆን አለበት። የአዋላጅ ነርስ ተማሪም ቢያንስ 40 እናቶችን ራሷ እንድታዋልድ ያዛል፤ ቁጥሩ ወደ 30 ዝቅ የሚለው የወላድ እጥረት ሲያጋጥም ብቻ ነው፤ ያኔም በሌሎች 20 ወሊዶች ላይ ማገዝ ይኖርባታል። ሌላ ቦታ ያለ ኮሌጅ በዚህ ሕግ ባይገዛም፣ የራሱን ቁጥር ሲጠየቅ ግን ሊመልስ ይገባዋል።

ሰው የሚመስለው የመለማመጃ አሻንጉሊት ለመጀመሪያ ሙከራ እጅግ ይጠቅማል፤ ሆኖም አያመውም፣ አያፍርም፣ አይፈራም፤ ተማሪዋ ወደፊት የምታገለግለው ግን የሚያመውን፣ የሚያፍረውንና የሚፈራውን ሰው ነው።

የኮሌጁ እውቅና ተማሪው የመረጠውን ሙያ ጭምር መሸፈኑና ዲግሪው ሊሠራበት ባሰበው አገር ለሙያ ፈቃድ ፈተና የሚያስቀምጥ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። «ተማሪዎቻችን በሙሉ ፈተናውን አለፉ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣም፣ ከተመዘገቡት ስንቶቹ ለፈተና እንደቀረቡ መጠየቅ ይገባል፤ ደካማ የተባለን ተማሪ ከፈተናው በፊት ማስቀረት ውጤቱን ያሳምራልና።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ንጽጽራችሁ የኮሌጆቹን ተማሪዎች ራሳቸውን አነጋግሩ። ያለፈውን ሳምንት በየትኛው ሆስፒታል፣ በየትኛው ክፍል እንዳሳለፉና ከጎናቸው የነበረው አስተማሪ ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ፣ መልሱን ከክፍያው ዝርዝር አጠገብ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ