ለተፈናቃይ ሁሉ የጨጓራ መድኃኒት ብቻ ነው እንዴ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምሰራው ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ነው፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ካምፕ ያሉ ወገኖች ማዘዣ ይዘው ይመጣሉ እና ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፣ ኦሜፕራዞል ለጨጓራ፣ ዳይክሎፌናክ ለህመም ማስታገሻ፣ ሲፕሮ ደግሞ ለታይፎይድ። ወይ ጨጓራ ነው ወይ ታይፎይድ ነው ይባላሉ። ዊዳል የሚሉት የታይፎይድ የደም ምርመራ ድሮ የያዘህንም ሊያሳይ እንደሚችል ባለሙያው ያውቃል፣ ግን ሰዉ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ነው መሰለኝ ይታዘዛል።

አንዲት እናት አሉ፣ «ከእግሬ ጀምሮ እንደ ጉንዳን ይወረኛል፣ ከዛ ደረቴን ያፍነኛል» ይላሉ። ደም ሰጡ፣ ራጅ ተነሱ፣ ሁሉም ኖርማል፣ «ምንም የለብዎትም» ተባሉ። አንድ ቀን ደጃችን የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ግን ፌስታላቸውን ጥለው ባንኮኒው ስር ቁጭ አሉ፣ ላነሳቸው ብል እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። እንቅልፍ አለዎት ወይ ስላቸው «ልጄ፣ እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅ» አሉኝ።

የአእምሮ ጭንቀት እንዲህ የአካል ህመም ሆኖ መውጣቱ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ስዊድን ጥገኝነት የጠየቁ ቤተሰቦች አንዳንድ ልጆች አይናቸውን ጨፍነው፣ ሳይበሉ ሳይናገሩ ወራት ይተኙ ነበር፣ በአፍንጫ በቱቦ ነበር የሚመገቡት፣ ምርመራው ምንም አያሳይም ነበር። አስመሳይ ናቸው ያላቸውም ነበር፣ በኋላ ግን የአገሩ ጤና መስሪያ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ በሽታ ብሎ መዘገበው። የዓለም ጤና ድርጅትም ጦርነት ባለፈበት ቦታ ከ5 ሰው 1ዱ የአእምሮ ህመም አለበት ይላል፣ እኛ ጋ እነዚህ ሰዎች የት ገቡ ታዲያ? ጨጓራ ተብለው ነዋ!

ሸንኩራ ዮሐንስ ጸበል ሄዱ ብለው የሚያናንቋቸው ባለሙያዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ እዛ ቢያንስ አረፍ ብሎ የሚሰማቸው ሰው ያገኛሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን አቋርጦ መሄዱ ግን አደጋ ነው፣ ጸበሉም ክኒኑም ጎን ለጎን ይሂድ።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ ያወጣው መመሪያ እኮ ተራ ነርስና ጤና መኮንን ሰልጥነው የአእምሮ ህመምን እንዲያክሙ ነው፣ ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ በሳምንት አንዴ እንኳን ሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ነርስ ይመደብ። ሴቶቹ ወረፋ መሃል ቆመው የደረሰባቸውን እንዲያወሩም አይጠበቅ፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ይኑር። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሂዱ ማለት እኮ ለነሱ የትራንስፖርቱ ብር ራሱ የለም።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን