ያገለገለ የፎቶ ፕሪንተር ለመግዛት ላሰባችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሄዱ (ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚረጨው የፕሪንተሩ ክፍል) መደፈን አለመደፈኑን ስለ መፈተሽ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የምረቃ ወቅት በቀረበ ቁጥር በሱቃችን በር አንድ ዓይነት ታሪክ ይገባል። አንድ ደንበኛ ያገለገለ ፕሪንተር አቅፎ ይመጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል፣ «ትንሽ ማጽዳት ብቻ ነው የሚፈልገው» ይለናል። ማን እንዳለው ስንጠይቅ መልሱ «ሻጩ» ነው። ፈትሸን ስንጨርስ፣ ከስድስቱ ቀለሞች ሁለቱ እንደማይወጡና ሄዱ ካልተቀየረ ማሽኑ እንደማይድን የመናገሩ ዕዳ በእኛ ላይ ይወድቃል። የሄድ ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደንበኛው ለማሽኑ ከከፈለው ጋር ይቀራረባል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ያ ንግግር ከክፍያው በፊት እንዲሆን ብለን ነው።

ደንበኞቻችን በብዛት የሚያመጡልን ኢፕሰን ኤል 805ን እና ትልልቅ ወረቀት የሚያትመውን ኤል 1800ን ስለሆነ በእነዚሁ እንናገር። ሁለቱም ስድስት ቀለም አላቸው፦ ጥቁር፣ ሳያን (ሰማያዊ መሰሉ)፣ ማጀንታ (ሮዝ መሰሉ)፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሳያን እና ፈዛዛ ማጀንታ። ለእያንዳንዱ ቀለም 90፣ በድምሩ 540 ቀዳዳዎች አንድ ሄድ ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ሄዱ ቀለም ባለቀ ቁጥር የሚጣል ዕቃ አይደለም፤ ከማሽኑ ጋር ኖሮ ከማሽኑ ጋር የሚያረጅ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ፕሪንተር ስትገዙ በእርግጥ የምትገዙት ሄዱን ነው፤ የቀረው ፕላስቲክና ሞተር ነው።

ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ሄዱ ወደ ቀኝ ጥግ ተመልሶ የጎማ ክዳን ላይ ያርፋል። በሕትመት መካከል መብራት ሲጠፋ ግን ባለበት ይቀራል፣ ቀዳዳዎቹም ለአየር ተጋልጠው ይደርቃሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሠራ ማሽን፣ ወይም ባለቤቱ በራሱ ማጥፊያ ሳይሆን ከግድግዳው እየነቀለ ሲያጠፋው የኖረ ማሽን፣ ይህ ስንት ጊዜ እንደደረሰበት የሚቆጥርለት የለም። «ምንም አልተሠራበትም፣ ስድስት ወር ዕቃ ቤት ነው የተቀመጠው» የሚለውን ማስታወቂያም እንደ ምስጋና አትስሙት፤ ሳይሠራ የቆየ ሄድ ቀለሙ ይደርቅበታል። እኛ በየቀኑ ሃምሳ ጉርድ ፎቶ ሲያወጣ የኖረውን እንመርጣለን።

ምክር ሰጪ መስለን ብቻ እንዳንታይ የራሳችንንም እንናገር። አንድ ጊዜ ለሱቃችን መጠባበቂያ የሚሆን ፕሪንተር ልንገዛ ሄድን። ሻጩ ማሽኑን አብርቶ ጠበቀን፣ የጀንበር መጥለቂያ ፎቶ ዓይናችን እያየ አተመልን። ብርቱካናማው ይነድዳል፣ ጥቁሩ ከሰል ነው። ከፍለን ወጣን። በማግስቱ ጠዋት የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ስናትም ፊቷ አረንጓዴ መሰለ፤ ፈዛዛው ማጀንታ ጨርሶ አይወጣም። የጀንበር መጥለቂያ ደማቅ ቀለሞችን ነው የሚፈልገው፤ ፈዛዛዎቹን እምብዛም አይነካቸውም፤ ሻጩ ፎቶውን የመረጠው በዕውቀት ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረን ግን የቆሻሻ መጣያው ነው። የተጨማደዱ የሙከራ ወረቀቶች እስከ አፉ ሞልተውት ነበር፤ ጥገና እያስተዳደረን፣ አይተን እንዳላየን አለፍን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቀለም ግን አይለቀምም።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ይኸው ነው። ለሻጩ አስቀድመን ደውለን፣ እኛ እስክንደርስ ማሽኑን እንዳያበራው እንለምነዋለን። ሄድ ማጽዳት (ማሽኑ ራሱ ቀለም እያፈሰሰ ቀዳዳዎቹን እንዲከፍት ማዘዝ) የተዳከመ ማሽንን ለአንድ ሰዓት ያህል ጤነኛ ያስመስለዋል፤ እውነቱን የሚናገረው ያደረ ማሽን ነው። ወረቀቱንም ፎቶውንም ይዘን እንሄዳለን። ፎቶው የሰው ፊትና ሰፊ ጥርት ያለ ሰማይ ያለበት ይሁን፤ የፈዛዛ ቀለሞች መጉደል የሚጋለጠው በቆዳና በሰማይ ላይ ነው።

ከፎቶው በፊት ግን የኖዝል ፍተሻ፣ ማለትም የትኛው የሄድ ቀዳዳ ቀለም እንደሚያወጣ የሚያሳይ ገጽ፣ ይታተማል። ከኮምፒውተሩ የፕሪንተር ጥገና ገጽ ይታዘዛል፤ ኮምፒውተር ከሌለ የተወሰነ ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማሽኑን ማስነሳት ይቻላል። በወረቀቱ ላይ እንደ ደረጃ የተሰበሩ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ። ቢጫውን በዓይን ለማየት አትድከሙ፤ የስልካችሁን ስክሪን ሙሉ ሰማያዊ አድርጋችሁ በጨለማ ቦታ ወረቀቱ ላይ አብሩበት፤ ቢጫው ጠቁሮ ይታያል። ከ540 መስመሮች አንድ ወይም ሁለት ስለጎደሉ አትሽሹ፤ በአንድ ጽዳት የሚመለስ ነገር ነው።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ ዋናው ነገር ግን ገና ነው። ቀጥሎ ስድስት ገጽ፣ እያንዳንዱን በአንድ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ሞልታችሁ አሳትሙ። ሻጩ ለቀለሙ ቢያጉረመርም ሂሳቡን ክፈሉት፣ ርካሽ ነው። ወዲያው የኖዝል ፍተሻውን ድገሙና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። በመጀመሪያው የጎደለው መስመር በሁለተኛውም እዚያው ቦታ ላይ ከጎደለ፣ ያ ቀዳዳ ተደፍኗል ወይም ሞቷል። ክፍተቶቹ ቦታ ከቀያየሩ ችግሩ በቱቦው የገባ አየር ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ ከክፉዎቹ የተሻለው ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ሆኖ ሁለተኛው ከተበሳሳ ግን ቀለሙ በቂ ሆኖ ወደ ሄዱ አይደርስም ማለት ነው፤ ዳምፐሩ (ቀለሙ ሄዱ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ትንሽ ማጣሪያ) ቆሽሿል፣ ቱቦው ታጥፏል፣ ወይም በአንዳንድ ሞዴሎች ያለው የማጓጓዣ መቆለፊያ (ማሽኑ ሲጓዝ ቀለሙን የሚዘጋው) እንደተዘጋ ተረስቷል። ይህን የመጨረሻውን ሁልጊዜ ቀድማችሁ እዩ፤ አንድ ጊዜ ሙሉ የሥራ ቀን ካቃጠልን በኋላ መቆለፊያውን ዞር አድርገን የጨረስነው ጥገና አለ። አንድ ቀለም በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ጨርሶ ከሌለና ማጠራቀሚያው ግን ሙሉ ከሆነ፣ ጉዳዩ የኤሌክትሪክም ሊሆን ይችላልና ተመለሱ።

ከዚያ ሻይ ጠጡ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ሦስተኛ ፍተሻ አትሙ። ቆሞ በቆየበት መስመር ከጎደለ የጎማ ክዳኑ በደንብ አይዘጋም፤ እንዲህ ያለ ማሽን ዛሬ ብታጸዱት ነገም ያው ነው።

ስለ ቀለሙ ዓይነት ሳትጠይቁ አትውጡ። ኤል 805 እና ኤል 1800 በኩባያና በቲሸርት ሕትመት ሥራ ተወዳጅ ስለሆኑ ብዙዎቹ ሰብሊሜሽን ቀለም (ከወረቀት ወደ ዕቃው በሙቀት የሚተላለፍ ቀለም) ተሞልቶባቸዋል። ይህ ቀለም ወረቀት ላይ ደብዝዞ ይታያል፤ መለያው ያ ነው። ቱቦውን ሁሉ አጥቦ ወደ ፎቶ ቀለም መመለስ ይቻላል፣ ግን ወጪ አለው። ለዲቲኤፍ ሥራ (ፊልም ላይ አትሞ በሙቀት ወደ ልብስ ለማስተላለፍ) ነጭ ቀለም የተጨመረበትን ኤል 1800 ግን ለፎቶ ብላችሁ አትግዙ። ነጩ ቀለም ውስጥ ያለው ዱቄት ከባድ ነው፤ ማሽኑ ሲቆም ይዘቅጣል፣ ሄዱ ውስጥም ይጋገራል። በዚህ ላይ አንከራከርም።

ደጋግሞ የተጸዳ ማሽን ሌላም ምልክት ይተዋል። ጽዳቱ የሚያፈስሰው ቀለም ከታች ባለ ስፖንጅ ይመጠጣል፤ ማሽኑም ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ሥራ ያቆማል። በፕሮግራም ቁጥሩን ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል፣ ስፖንጁ ግን እንደሞላ ነው። ማሽኑ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ እዩ፤ የቀለም ክበብ ካለ ገብቷችኋል።

ካኖን ለምትፈልጉ በአጭሩ፦ በእነሱ ቀለሙ የሚወጣው በሙቀት ነው፣ ደርቆ ሲሠራም ማሞቂያው ይቃጠላል፤ በጂ ተከታታይ ሞዴሎች ግን ሄዱ በቀላሉ ስለሚቀየር ሐሳቡ ቀለል ይላል።

ከእንግዲህ ያገለገለ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከሻጩ ጋር ተስማምታችሁ ወደ እኛ ብታመጡት ከላይ ያልነውን ሁሉ በፊታችሁ እንሠራለን፣ የታተመውን ጠቅላላ ገጽና የስፖንጁን ቁጥርም እናነብላችኋለን። የፍተሻውን ሂሳብ የምትከፍሉት ማሽኑን ባትገዙትም ጭምር ነው፤ ካልሆነ «ጥሩ ነው» እንድንል እንፈተናለን። ተደፍኖ በማጽጃ ፈሳሽ በማርጠብ ለተከፈተ ሄድ ግን ዋስትና አንሰጥም፤ አንዳንዱ ዓመት ይሠራል፣ አንዳንዱ ሳምንት አይሞላም፣ የትኛው የቱ እንደሆነ አስቀድመን አንለይም። እባካችሁ በቤታችሁ በመርፌ ውሃ አትግፉበት። የረጠበ ሄድ ገመዱ ላይ ቀለም አድርሶ ዋናውን ቦርድ ሲያቃጥል በተደጋጋሚ አይተናል።

ስታመጡት ማሽኑን በራሱ ማጥፊያ አጥፉት፣ መቆለፊያ ካለው ዝጉት፣ በታክሲም ቢሆን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። የፍተሻ ወረቀቶቹን ከሻጩ ቤት ካሳተማችሁ ሰዓቱን ጽፋችሁባቸው አብራችሁ አምጧቸው።

ከሰላምታ ጋር፣
የጥገና ክፍሉ ሠራተኞች