ጉዳዩ፦ ፋየርዎላችን ላይ ስለተገጠመው ኔትወርክ ካርድ የቀረበ ቅሬታ

ለቴክኒክ አገልግሎት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከእናንተ የመጣው ቴክኒሻን በቢሯችን ፋየርዎል (የሚገባና የሚወጣውን የኔትወርክ ግንኙነት የሚቆጣጠር) ኮምፒውተር ላይ ሦስተኛ ኔትወርክ ካርድ ገጥሞልናል። ካርዱ ደህና ነው፣ ይሠራል። ቅሬታዬ በአሠራሩ ላይ ነው።

ማሽኑ ሁለት ፖርት ነበረው። አንዱ ወደ ሞደም፣ ሌላው የቢሮውን ኮምፒውተሮች ወደሚያገናኘው ስዊች ይሄዳል። ሦስተኛውን የፈለግነው ለካሜራዎቹ ነው። ካሜራ ሶፍትዌሩ ሳይታደስ ለዓመታት ሊቀመጥ የሚችል ዕቃ ነው፤ ከሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች እንዲለይልን ነበር ሐሳባችን።

ሥራው ሳይጀመር «መጀመሪያ ባክአፕ እናውጣ» ብዬ ነበር። «ካርድ መጨመር ብቻ ነው፣ ሴቲንግ አይነካም» ተባልኩ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፋየርዎል የሚሠራው ፍሪቢኤስዲ በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ፖርቶቹን ኢኤም0፣ ኢኤም1 እያለ የሚሰይማቸው ሲነሳ ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው። አዲሱ ካርድም እንደ ድሮዎቹ የኢንቴል ስለሆነ ያንኑ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይጠቀማል። የተሰካበት ስሎት ቀድሞ ስለሚነበብ ኢኤም0 የሚለውን ስም እሱ ወሰደው፤ የድሮዎቹ አንዳንድ ቁጥር ወደ ኋላ ተገፉ። ምን ይለፍ፣ ምን ይከልከል የሚሉት የፋየርዎሉ ሕጎች ደግሞ የታሰሩት ከስሙ ጋር እንጂ ከቀዳዳው ጋር አይደለም። ስለዚህ ለቢሮው ተብሎ የተጻፈው፣ ሁሉን የሚያሳልፈው ሕግ፣ ሞደሙ በተሰካበት ፖርት ላይ አረፈ። የውስጡ በር ወደ ውጭ ዞረ ማለት ነው! የቢሮው ኮምፒውተሮችም አድራሻ የሚሰጣቸው አጥተው በ169.254 የሚጀምር፣ ኢንተርኔት የማያስገባ አድራሻ ለራሳቸው አወጡ። 20 ደቂቃ የተባለው ሥራ 4 ሰዓት ፈጀ። 14 ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት የእያንዳንዱን ፖርት ማክ አድራሻ (የራሱ መለያ ቁጥር) ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ከዚያ በኮንሶሉ (በማሽኑ የራሱ ትእዛዝ መስጫ ስክሪን) በኩል ፖርቶቹን እንደገና መመደብ። የተደረገው ግን ኬብሎቹን እየነቀሉ እየሰኩ መሞከር ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ «ተስተካክሏል» ተባለ። አሁን «ሞደም» የሚል ስቲከር በተለጠፈበት ፖርት ላይ የቢሮው ስዊች ተሰክቷል። ነገ ሌላ ሰው ስቲከሩን አምኖ ኬብል ቢሰካ ያው ስህተት ይደገማል።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ የካሜራዎቹ ጉዳይ ነው። አዲስ ፖርት ሕግ እስኪጻፍለት ድረስ ምንም አያሳልፍም፤ ደግሞም ልክ ነው። ካሜራዎቹ ሰዓታቸውን ማስተካከል ሲያቅታቸው ቴክኒሻኑ «ሁሉም ይለፍ» የሚል ሕግ ጻፈላቸው። ሰዓቱን ከራሱ ከፋየርዎሉ እንዲወስዱ የሰዓት ማስተካከያውን መስመር፣ ዩዲፒ 123ን፣ ብቻ መክፈት ይበቃ ነበር። ከቢሮ ሆነን ካሜራ ስንከፍትም መልሱን ፋየርዎሉ በራሱ ያሳልፈዋል፤ በካሜራው በኩል ሌላ ፈቃድ አያስፈልግም። አሁን ማንኛውም ካሜራ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር ማግኘት ይችላል። ካርዱን የገዛነው ይህንን ለመከልከል ነበር።

ልጁ ትሑትና ታታሪ ነው፤ ምሳ እንኳ ሳይበላ ነው የዋለው። እሱ እንዲቀጣ አልፈልግም። ባክአፕ ሳያወጣ ማሽን እንዳይከፍት ማስተማር ግን የእናንተ ኃላፊነት ነበር።

የምጠይቀው ይህን ነው። በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ልምድ ያለው ባለሙያ ላኩልን። ከሥራ ሰዓት ውጭ ይምጣ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ። ፖርቶቹን መልሶ ይመድብ፣ ስቲከሮቹን ያስተካክል፣ የካሜራውን ሕግ በሚያስፈልገው ልክ ያጥብብ። ሲጨርስ የሴቲንጉን ባክአፕና የማክ አድራሻዎቹን ዝርዝር ያስረክበኝ። በዚያ ቀን ምን እንደተነካም በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ ለ4 ሰዓት ያህል በራችን ወደ ውጭ ተከፍቶ ስለነበር ሎጉን (ፋየርዎሉ የመዘገበውን) ከዚያ ጋር ማመሳከር አለብኝ። የጉልበት ክፍያውም እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። የካርዱን ዋጋ አልጠይቅም፣ ካርዱ ጥፋት የለበትም።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቢሮው ኔትወርክ ኃላፊ